ከበሮን በአፍ መምታት፦ ከሙዋይለህ የተጻፈ የስልተ ምት ትምህርት

ባለፈው የእንቁጣጣሽ በዓል የማኅበራችን አባላት ሥራ ሲከፋፈሉ ዶሮ የሚሠራ ተገኘ፣ ቡና የሚያፈላ ተገኘ፣ ወንበር የሚያመላልስም አልጠፋም፤ የጠፋው ከበሮ የሚመታ ሰው ነበር። «አንተ በልጅነትህ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርክ» ተብሎ ሥራው በዚህ ጸሐፊ ላይ ተጣለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ እንቢ ማለት እንደማይቻል አንባቢ ያውቃል። መጀመሪያው ደኅና ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስንደርስ ግን ከበሮው ሳይታወቀኝ ፈጥኖ እስክስታ የሚወርዱት ልጆች ትከሻ መከተል አቃተው፤ አንድ በአንድ ቆሙ። እኔ ብቻዬን መታሁ።

ከእንግዶቹ መካከል ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ አንድ የኬረላ ሰው ነበሩ። ምግቡ ተነሥቶ ቡናው ሲቀርብ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ያ የመታኸው ስንት ነው?» አሉኝ። «ችክችካ ይባላል» አልኩ። «ስሙን አልጠየቅሁህም፤ ስንት ነው?» መልስ አልነበረኝም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያጨበጨብኩለትን፣ በሠርግ በጥምቀት የጨፈርኩበትን ምት ቁጥሩን አላውቅም ነበር።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ምሽት ወዲህ ባሉት ስምንት ወሮች የተማርኩትን ለአባላት ለማካፈል የቀረበ ነው። እኔ የሕክምና ተማሪ እንጂ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ ስሕተት ቢገኝበት የሚያውቅ ሰው በሚቀጥለው እትም ያርመኝ።

ሙዋይለህን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከዩኒቨርሲቲው ከተማ ማዶ የተዘረጋ የኪራይ ፎቅ ሠፈር ሲሆን ከሁለት ሱቅ አንዱ የኬረላ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ጎረቤታችን ቀን ቀን የአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ማታ ግን ሳሎናቸው ምንጣፍ ላይ የሠፈሩን ልጆች ምሪዳንጋም ያስተምራሉ። የመጡት ከፓላካድ ነው፤ ይኸውም ባለፈው መቶ ዓመት ስማቸው ከፍ ብሎ ከሚጠራው የምሪዳንጋም መቺዎች አንዱ የሆኑት ፓልጋት ማኒ አየር (1912–1981 እ.ኤ.አ.) የተነሡበት አገር ነው። እኔም እንደ ሠፈሩ ልጆች «ቼታ» እላቸዋለሁ። በማላያላም ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ የእኛው «ጋሼ» መሆኑ ነው።

ምሪዳንጋም ከግንድ ተፈልፍሎ ሁለቱ አፉ በቆዳ የተለጎመ ከበሮ ነው፤ ግራው ወፍራም፣ ቀኙ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ይህን ባየሁ ጊዜ «ይህማ የእኛው ከበሮ ነው!» ብዬ እጄን ሰደድኩ። ቼታ ግን አላስነኩኝም። አፍህ ያልያዘውን እጅህ አይዘውም ብለው ሦስት ወር ሙሉ ያለ ከበሮ አስቀመጡኝ። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ጥቅሙ ገባኝ። በኪራይ ቤት ከበሮ ቢመቱ ጎረቤት ይቆጣል፤ በአፍ ቢመቱት ግን ከክፍል ጓደኛ በቀር የሚሰማ የለም።

በደቡብ ሕንድ የካርናቲክ ሙዚቃ ለከበሮው ምት ሁሉ በአፍ የሚጠራበት ድምፅ አለ። የእነዚህ ድምፆች ሥርዓት ሶልካቱ ይባላል፤ በታሚል ቋንቋ «ሶል» ቃል፣ «ካቱ» ማሰር ስለሆነ፣ የታሰረ ቃል እንደ ማለት ነው። ይህንኑ በሕዝብ ፊት ራሱን እንደ ቻለ መሣሪያ አድርጎ ማሰማት ደግሞ ኮናኮል ይባላል። በባራታናትያም ጭፈራም አስጨፋሪው ትንንሽ ሰሐኖች እያጋጨ እነዚህን ድምፆች ይጠራል፤ ጨፋሪዋ በእግሯ ትመልስለታለች። ድምፆቹ ትርጉም የላቸውም። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የውጭው ዓለም ለዚህ ጥበብ ጆሮውን የሰጠው በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። እንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች ጆን ማክላፍሊን፣ የታብላው ዛኪር ሁሴንና የሸክላ እንስራ በጣታቸው የሚመቱት ቪኩ ቪናያክራም የነበሩበት ሻክቲ የተባለው ቡድን ለዚህ ብዙ ረድቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ሦስት አሜሪካውያን መምህራን ለራሳቸው ተማሪዎች ያዘጋጁትን የስልተ ምት ማስተማሪያ ዘዴ «ታካዲሚ» ብለው ሰየሙት፤ አሠራሩ ይለያል እንጂ ስሙ ከዚሁ የተወሰደ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። ሁለት ነገር አለ፤ እጅና አፍ። እጅ የሚቆጥረው ዙር ታላ ይባላል። ሠላሳ አምስት ዓይነት የተደለደለ ታላ ቢኖርም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት አዲ ታላ የሚባለው ባለ ስምንት ምቱ ነው። ቁጭ ብላችሁ ቀኝ መዳፋችሁን ጭናችሁ ላይ አንድ ጊዜ ምቱ፤ ቀጥሎ ትንሿን ጣት፣ የቀለበት ጣትን፣ የመሐል ጣትን በተራ ቁጠሩ። ይህ አራት ነው። ከዚያ ምት፣ መዳፍን ገልብጦ ማሳረፍ፤ እንደገና ምት፣ መዳፍን ገልብጦ ማሳረፍ። ይህ ሌላ አራት ነው። እጅ ከዚህ አይወጣም፤ አፍ የፈለገውን ቢል እጅ አይፈጥንም፣ አይዘገይም።

አፍ በእያንዳንዱ የእጅ ምት ውስጥ እኩል የሆኑ ትንንሽ ድምፆች ያስገባል። ለአራት «ታካዲሚ»፣ ለሦስት «ታኪታ»፣ ለአምስት «ታዲጊናቶም» ይባላል። ሰባት የሦስትና የአራት ድምር ነው፤ «ታኪታ ታካዲሚ»። ዘጠኝም የአራትና የአምስት ነው፤ «ታካዲሚ ታዲጊናቶም»። ክፍልፋዩ ሁሉ በእነዚህ አምስት ቤተሰቦች ይመደባል። ተማሪው ታካዲሚን መጀመሪያ በአንድ የእጅ ምት አንድ ድምፅ፣ ቀጥሎ ሁለት ድምፅ፣ ከዚያ አራት ድምፅ እያደረገ ይለዋል። ለመናገር ቀላል ነው። እኔ ግን አፌ በፈጠነ ቁጥር እጄም አብሮ እየፈጠነ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ቼታ አንድ ማታ እጄን ይዘው አስቆሙኝና እጅ ዳኛ ነው፣ አፍ ተከራካሪ ነው፤ ዳኛው ከተከራካሪው ጋር ከሮጠ ማን ይፈርዳል? አሉኝ። የእንቁጣጣሹ ከበሮዬ ዳኛ ያልነበረው ክርክር እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

እዚህ ላይ ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ልበል። በላቲን ፊደል የተጻፈውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ለእያንዳንዱ ድምፅ ሁለትና ሦስት ፊደል ስለሚያይ ምቱን በዓይኑ መቁጠር አይችልም። በእኛ ፊደል ግን ታካዲሚ አራት ፊደል ነው፤ ምቱም አራት ነው። አንድ ፊደል፣ አንድ ምት። (የሚያስቸግረው «ቶም» ብቻ ነው፤ ሁለት ፊደል ሆኖ አንድ ምት ነው።) የቼታ ደብተር የተጻፈበት የማላያላም ፊደልም ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ የሚይዝ ስለሆነ ዝምድናው አስገረመን። ፊደል ከተነሣ ዘንድ፣ ከሠፈራችን አጠገብ ባለው የሙዋይለህ የብረት ዘመን መንደር ቁፋሮ ሦስት የደቡብ ዓረብ ፊደላት ያሉበት የማሰሮ ስባሪ ተገኝቷል። የግዕዝ ፊደል የዚያው ቤተሰብ ነው። ዘመዳችን ከእኛ ቀድሞ እዚህ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያው እውነተኛ ፈተና ሦስቱን በአራቱ ላይ መጫን ነው። ታኪታን አራት ጊዜ፣ ታካዲሚን አንድ ጊዜ ብትሉ ድምሩ 16 ይሆናል፤ ይኸውም በአራት የእጅ ምት በትክክል ያልቃል። እጅ ከሚያርፍበት አንጻር ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

ታኪታታ — ኪታታኪ — ታታኪታ — ታካዲሚ

እጃችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው በታኪታ የመጀመሪያ ድምፅ ላይ ነው፤ ቀጥሎ በሁለተኛው፣ ከዚያ በሦስተኛው ላይ ያርፍና መጨረሻ ላይ ከታካዲሚ ጋር ይታረቃል። ባልደረቦቼ ይህን ስለማመድ ሰምተው ራሴን ታምሜ መስሏቸው ነበር።

«ለምን በቁጥር አትቆጥረውም?» ያለኝ ሰው አለ። ሞክሬዋለሁ፤ አይሆንም። ቁጥሮች እኩል አይደሉም። «አንድ» በአንድ ትንፋሽ ሲያልቅ «ሁለት» ሁለት እርምጃ ነው፤ «ሃያ ሰባት» ደግሞ አራት ነው። እንግሊዝኛውም ቢሆን ከዚህ አያድንም። ቁጥር ስንት እንደ ደረሳችሁ ይነግራችኋል እንጂ የት ላይ እንደ ቆማችሁ አይነግራችሁም።

ይህ ነገር በትምህርቴ ላይም ደረሰብኝ። ልቡ ለቆመ አዋቂ ሰው ደረቱ የሚጫነው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እንዲሆን፣ ከየ30 ጫናም በኋላ ሁለት ትንፋሽ እንዲሰጥ ሁላችንም የተማርነው ነው። በመለማመጃው አሻንጉሊት ላይ ስሠራ እስከ ሃያ ደኅና እሄድና ከሃያ በኋላ ቃሉ ሲረዝም ምላሴን አጣድፋለሁ፤ እጄም ምላሴን ተከትሎ ከ120 በላይ ይወጣል። ሲፈጥኑ ደረቱ ተመልሶ ለመነሣት ጊዜ ያጣል፤ ልብም በደም አይሞላም። አንድ ማታ ቼታ ዘንድ ቁጭ ብዬ ሳሰላ ታዲጊናቶም አምስት ነው፣ ስድስት ጊዜ ቢባል 30 ነው። በግራ እጅ ጣት መቁጠር አያስፈልግም፤ ስድስቱን ጆሮ ራሱ ይይዘዋል። በሚቀጥለው ልምምድ ይህን በልቤ እያልኩ፣ ትንፋሽ የሚሰጠው ጓደኛዬ እንዲዘጋጅ መጨረሻውን ብቻ በቁጥር እየጠራሁ ሠራሁ። 30ው ጫና በ16 ሰኮንድ አለቀ፤ በደቂቃ 112 መሆኑ ነው። ይህ የግል ዘዴ ነው እንጂ የሕክምና መመሪያ አይደለም፤ ማንም ፈተና ላይ ይዞት ገብቶ ቢወድቅ በእኔ አያመካኝ።

እንዲያውም ሐኪሞች የራሳቸው ኮናኮል አላቸው። የልብን ድምፅ «ላብ-ደብ» ብለን የምንማረው በአፍ አይደለምን? ሦስተኛ ድምፅ ሲጨመር፣ ይኸውም ከሁለተኛው ቀጥሎ ሲሰማ፣ መምህራን «ኬን-ታ-ኪ» ይሉታል፤ አራተኛው የሚባለውና ከመጀመሪያው ጥቂት ቀድሞ የሚመጣው «ቴ-ኔ-ሲ» ነው። ሁለቱም የአሜሪካ ክፍላተ አገር ስሞች ናቸው፤ የተመረጡት በድምፃቸው አጣጣል ነው። ሦስተኛው ድምፅ በወጣት ላይ ጤነኛ ሊሆን ሲችል በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ የልብ ድካም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መለየቱ ቀልድ አይደለም። ኮናኮል ከመጀመሬ በፊት በተቀዳ ድምፅ ላይ ሁለቱን ስጠየቅ በግምት ነበር የምመልሰው። አሁን ዝምታው የት ላይ እንደ ወደቀ እሰማለሁ።

ወደ ችክችካ እንመለስ። ቼታ ስልኬ ላይ ያለውን ዘፈን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ጭናቸውን መቱ፤ ስድስት ነው፣ ግን እናንተ ስድስቱን ሁለት ዓይነት ትቆርጡታላችሁ አሉ። አንደኛው አቆራረጥ «ታኪታ ታኪታ» ነው፤ ሁለት ትልልቅ ምት ይሆናል። ሁለተኛው «ታካ ታካ ታካ» ነው፤ በዚያው ጊዜ ውስጥ ሦስት ትልልቅ ምት ይሆናል። ጭብጨባውና እግሩ ሁለቱን ይዞ ሲሄድ ዘፋኙ ወይም መሰንቆው አልፎ አልፎ ሦስቱን ይጠራል፤ ደስታው ያለው በመካከላቸው ነው። እኔ ያን ምሽት ዘፋኙ ወደ ሦስት ሲቆርጥ ሦስቱን ዋና ምት አድርጌ ያዝኩ፤ ቀጥዬ በዚያው ምት ላይ ስድስቱን እንደ ገና ጀመርኩ። ስለዚህ ከበሮው በግማሽ ያህል ፈጠነ። ልጆቹ መቆማቸው ትክክል ነበር። ደግሞም «ችክችካ» የሚለው ስም ራሱ በአፍ የተመታ ምት መሆኑን ልብ በሉ። ብዙ ሙዚቀኞች በአምስት የሚቆጥሩትን የትግርኛ ጓይላም ለቼታ አሰማኋቸው፤ «ታካ ታኪታ» ብለው ወዲያው ገቡበት፤ እንዲያውም ከችክችካው ይልቅ እሱን ወደዱት።

እንግዲህ እኛስ ከበሮን በአፍ የምንማርበት ሥርዓት የለንምን? ይህን ለመጠየቅ የልጅነቴ ደብር መሪጌታ ለነበሩት የኔታ ስልክ ደወልኩ። «የኔታ፣ ከበሮውን ለተማሪ በአፍ ምን ብለው ነው የሚያስጠኑት?» አልኳቸው። ሳቁ። «ምን ብዬ አስጠናዋለሁ! የማስጠናው ዜማውን ነው። ቃሉን የያዘ ልጅ ከበሮው ይመጣለታል፤ ቃሉን ያልያዘ ቢመታም እንጨት ነው የሚመታው» አሉኝ።

ነገሩን ለማያውቁት አባላት ባጭሩ ልግለጽ። በአቋቋም ትምህርት፣ ምስክሩ ጎንደር በአታ በሆነው፣ አንድ ዜማ በደረጃ ይሄዳል። ቁም ዜማው ይቀድማል፤ በመቋሚያ የሚዘመመው ዝማሜ አለ፤ ከበሮና ጸናጽል ገብተው በርጋታ የሚባለው መረግድ አለ፤ ፈጠን ያለው ጽፋት ይከተላል፤ ወረብም አለ። ዜማው በይዘት፣ በደረት፣ በጭረትና በመሳሰሉት ምልክቶች በመጽሐፍ ተጽፏል። የከበሮው ምት ግን የሚለመደው ከመምህሩ ፊት ቆሞ፣ ከግዕዙ ቃል ጋር ነው። የሕንዱ ድምፅ ትርጉም ስለሌለው ከየትኛውም ዘፈን ተነቅሎ ወደ የትኛውም ይሄዳል፤ ወደ ደረት መጫን እንኳ ሄዷል። የእኛው ግን ከቃሉ ጋር የተሠፋ ነው፤ ቃሉ የጠፋበት ሰው ምቱም ይጠፋበታል። እኔ ምስክር ነኝ፤ ቃሉን ሳልይዝ ያደግሁ ስለሆንኩ በእጄ የቀረው ፍጥነት ብቻ ነበር።

ከዚህ የሚመጣው ጥያቄ ቀላል አይደለም። እዚህ አገር ተወልደው ያደጉ የወገኖቻችን ልጆች አማርኛ ቤት ውስጥ ይሰማሉ፤ ግዕዝ ግን አይሰሙም፤ በበዓል ቀን እጃቸውን አጣጥፈው ዳር ይቆማሉ። ከጥር ወር ጀምሮ ቅዳሜ ማታ ስድስት ልጆች ሰብስቤ፣ ምቱን በፊደል ጽፌ፣ ጭናቸው ላይ ማስተማር ጀመርኩ። ችክችካውን በሦስት ሳምንት ያዙት፤ እኔን ስምንት ወር የፈጀብኝን ማለቴ ነው። አንዲት እናት ግን «ልጄ ‹ታኪታ ታኪታ› እያለ ቤቱን ይዞራል፤ የማን ቋንቋ ነው ያስተማርከው?» አሉኝ። ነገሩን ባስረዳቸውም ፊታቸው አልተፈታም። እውነቴን ለመናገር፣ ለዘፈኑ ነገር አልሰጋም፤ ዘፈን ከየትም ተበድሮ ይኖራል። ለወረቡ ግን እሰጋለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ ምቱን ይያዙ፣ ቃሉ ኋላ ይደርሳል ያልኩበት ቀን አለ፤ ኋላ የሚደርስ ቃል እንደማይደርስ የተሰማኝ ቀንም አለ። ስለዚህ እስካሁን ወረብ በታኪታ አላስተማርኩም።

አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ሳልነግራት፣ ከቅዳሴ በኋላ የሰማችውን የወረብ ምት ራሷ በታኪታ ቆጥራ ይዛው መጣች። ቀድቼ ለየኔታ በስልክ ላክሁላቸው። በማግሥቱ መለሱልኝ፦ «ምቱ ልክ ነው። ምን እያለች ነው የምትመታው?» እስካሁን አልመለስኩላቸውም። ከአባላት መካከል በዚህ ላይ ሐሳብ ያለው ቢጽፍልን የዝግጅት ክፍሉ ያወጣዋል።

ለመለማመድ ለምትፈልጉ አንድ የቤት ሥራ ልስጥና ላብቃ። ሞራ ይባላል (ከበግ ሆድ የሚወጣው አይደለም)። አንድ ሐረግ ሦስት ጊዜ ይባላል፤ በመካከሉ እኩል ዝምታ አለ፤ መጨረሻው ዙሩ እንደ ገና በሚጀምርበት ምት ላይ ይወድቃል። ከታች የሰረዙ ምልክት የአንድ ድምፅ ዝምታ ነው።

ታካዲሚ
– – ታካ
ዲሚ – –
ታካዲሚ

እያንዳንዱ መስመር አንድ የእጅ ምት ነው። ከአዲ ታላ አምስተኛ ምት ላይ ጀምሩ፤ ሁለቱን ዝምታ እንደ ድምፅ ቁጠሩ እንጂ አትዝለሏቸው፤ መጨረሻ ላይ «ታ» ብላችሁ በመዳፋችሁ መጀመሪያ ምት ላይ ካረፋችሁ ደርሳችኋል ማለት ነው። እጃችሁ ከፈጠነ አቁሙና በአንድ ምት አንድ ድምፅ ብቻ እያላችሁ እንደ ገና ጀምሩ። ሰባቱን በሚቀጥለው እትም እናያለን።